የላይኛው አየር ሙቀት በሁለት መለኪያ

ከምድር ገጽ በላይ ከ30 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ያለው የከባቢ አየር ክፍል ቴርሞሜትር የማይደርስበት ቦታ ነው። የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤቶች በየዕለቱ የሚለቋቸው ፊኛዎች 30 ወይም 35 ኪሎ ሜትር ግድም ሲደርሱ ይፈነዳሉ። ሳተላይት ደግሞ በዚያ ከፍታ መዞር አይችልም፤ አየሩ የቱንም ያህል ቢሳሳ በሰከንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር የሚምዘገዘግን አካል ፍጥነት ሰብሮ ለማቃጠል ይበቃል። ሮኬት ያልፍበታል፤ ነገር ግን ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይወድቃል፣ ወጪውም ከባድ ነው። ስለዚህ የዚህ ክፍል ሙቀት በአብዛኛው የሚታወቀው ከሩቅ በሚደረግ ልኬት ነው፦ አንድም ሳተላይት ከበላዩ ሆኖ ያየዋል፣ አንድም ከምድር ሌዘር ይተኮስበታል።

ሁለቱ መለኪያዎች የሚሰጡት ቁጥር ሁልጊዜ አይገጥምም። ልዩነቱ አንዳንድ ጊዜ ከ1 ወይም ከ2 ዲግሪ አይበልጥም፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ከ10 ዲግሪ ያልፋል። ወዲያው የሚመጣው ጥያቄ የትኛው ተሳሳተ የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ ግን የተሳሳተ የለም፤ ሁለቱ የለኩት አየር አንድ ስላልሆነ ነው። ይህ ተጣርቶ ከወጣ በኋላ የሚተርፈው ልዩነት ነው የመሣሪያን ወይም የስሌትን ጉድለት የሚያጋልጠው።

የሚለካው አየር ጠባይ ራሱ እንግዳ ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ይቀዘቅዛል የሚለው የደጋ ሰው ልምድ የሚሠራው እስከ 10 ወይም 17 ኪሎ ሜትር ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ የኦዞን ጋዝ ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚውጥ አየሩ እንደገና ይሞቃል፤ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ስትራቶስፌር የሚባለው የዚህ ንብርብር ጣሪያ በሆነው ቦታ፣ ሙቀቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። ከዚያ በላይ ያለው ሜሶስፌር ይባላል። በየኪሎ ሜትሩ 2 ዲግሪ ከምናምን እየቀነሰ ከ85 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ጣሪያው ላይ በአማካይ ከዜሮ በታች 90 ዲግሪ ይደርሳል። ከሁሉ የሚገርመው በዋልታዎች አካባቢ ይህ ቦታ የሚቀዘቅዘው ፀሐይ ሌሊትም በማትጠልቅበት በበጋ መሆኑ ነው፤ ያን ጊዜ ከዜሮ በታች 140 ዲግሪ ይወርዳል፣ በምድር ከባቢ አየር ውስጥ ከዚህ የባሰ ቅዝቃዜ የለም። ምክንያቱ ፀሐይ አይደለችም። ከታች ተነሥተው ወደ ላይ የሚጓዙ የአየር ሞገዶች እዚያ ሲሰበሩ የንፋሱን ዝውውር ይቀይራሉ፤ በበጋው ዋልታ ላይ አየር ወደ ላይ ይሳባል፣ ሲወጣም እየተስፋፋ ይቀዘቅዛል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ጥቂት ዲግሪ ምን ያደርጋል ይባል ይሆናል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምድርን ገጽ ሲያሞቅ ላይኛውን አየር ግን ያቀዘቅዛል፤ እዚያ ጋዙ ስስ ስለሆነ ሙቀትን አምቆ ከመያዝ ይልቅ ወደ ጠፈር ይረጫል። የሚጠበቀውና የታየውም ቅዝቃዜ በአሥር ዓመት ግማሽ ወይም አንድ ዲግሪ ያህል ነው። መለኪያው በየጥቂት ዓመቱ በ2 ዲግሪ የሚዋዥቅ ከሆነ ይህን ለውጥ ማንም አያየውም። ከዚህም ሌላ ከጠፈር ወደ ምድር የሚመለስ መንኮራኩር የሚገጥመው የአየር እፍጋት የሚሰላው ከዚሁ ሙቀት ነው።

አየርን ከምድር በብርሃን የመለካት ሐሳብ ከሌዘር ይቀድማል። አሜሪካዊው ሉዊስ ኤልተርማን በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኒው ሜክሲኮ የጦር ሠራዊት ዓይነት ኃይለኛ የፍለጋ መብራት ወደ ሌሊቱ ሰማይ እያበራ፣ ከርቀት የተበተነውን ብርሃን እየለካ የአየሩን እፍጋትና ሙቀት አስልቷል። ቴዎዶር ማይማን እ.ኤ.አ. በ1960 የመጀመሪያውን ሌዘር ካበራ ከሦስት ዓመት ግድም በኋላ ጆርጆ ፊዮኮና ሉዊስ ስመሊን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሌዘርን ወደ ላይ ተኩሰው የተመለሰውን ደካማ ብርሃን መያዝ ቻሉ። ይህ መሣሪያ ሊዳር ተባለ። ዘዴውን ለሙቀት ልኬት አስተማማኝ ያደረጉት ግን ፈረንሳውያኑ አላን ኦሽኮርንና ማሪ-ሊዝ ሻናን ናቸው፤ በደቡብ ፈረንሳይ በሚገኘው የኦት-ፕሮቫንስ ምልከታ ጣቢያ የሠሩትን እ.ኤ.አ. በ1980 አሳተሙ። ጣቢያው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ልኬቱን ስላላቋረጠ ዛሬ በዓለም ከረጅሞቹ የላይኛው አየር መዝገቦች አንዱ በእጁ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 532 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው አረንጓዴ ሌዘር በአጭር አጭሩ ወደ ላይ ይተኮሳል። የአየር ሞለኪውሎች ከብርሃኑ ጥቂቱን ወደ ታች ይበትኑታል፤ ከአጠገቡ የተተከለ ትልቅ ቴሌስኮፕ ይሰበስበዋል። ብርሃን 80 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ለመመለስ ከአንድ ሰከንድ ሺኛ ትንሽ ከግማሽ በላይ ብቻ ስለሚፈጅበት፣ የተመለሰበት ጊዜ የተበተነበትን ከፍታ ይናገራል። መጠኑ ደግሞ በዚያ ከፍታ ስንት ሞለኪውል እንዳለ ይናገራል። በ80 ኪሎ ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ ከ60 ሺህ ጊዜ በላይ የሳሳ ስለሆነ የሚመለሰው ብርሃን ፎቶን በፎቶን ይቆጠራል፤ ለዚህ ነው አንድ አስተማማኝ ልኬት ለማግኘት ሰዓታት የሚወስደው።

የሚገኘው እፍጋት እንጂ ሙቀት አይደለም። ከእፍጋት ወደ ሙቀት የሚያሻግረው አንድ ቀላል ሕግ ነው፤ በመጋዘን እንደተደራረበ ጆንያ እያንዳንዱ የአየር ንብርብር ከበላዩ ያለውን ሁሉ ክብደት ይሸከማል። የበላዩ ክብደት ከታወቀ ግፊቱ ይታወቃል፤ ግፊትና እፍጋት ከታወቁ ሙቀቱ ይገኛል። ችግሩ ስሌቱ ከላይ መጀመር ያለበት መሆኑ ነው። ከሌዘሩ መድረሻ በላይ ያለው አየር ስላልተለካ፣ ለመነሻው አንድ የሙቀት ግምት ከሞዴል ወይም ከሌላ መለኪያ ይወሰዳል። ግምቱ ስህተት ከሆነ ከላይ ያሉት ኪሎ ሜትሮች አብረው ይሳሳታሉ። ደግነቱ ስህተቱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ቶሎ ይጠፋል፤ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ ከአሥር አንዱ ብቻ ይቀራል። ከ30 ኪሎ ሜትር በታች ደግሞ አቧራና የእሳተ ገሞራ ብናኝ ብርሃኑን ስለሚበትኑ ዘዴው አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1991 በፊሊፒንስ የፒናቱቦ ተራራ ሲፈነዳ ይህ ዝቅተኛ ወሰን ለተወሰነ ጊዜ ከፍ ብሎ ነበር።

የዚህ ሌዘር ትልቁ ብልጫ መለካት የሚያስፈልገው የእፍጋቱን አንጻራዊ ለውጥ ብቻ መሆኑ ነው። የሌዘሩ ኃይል ቢደክም፣ የቴሌስኮፑ መስተዋት አቧራ ቢጠጣ፣ በሁሉም ከፍታ ላይ እኩል ስለሚቀንስ የሙቀቱን መልስ አይቀይርም። ለአሥርት ዓመታት መዝገብ ይህ ባሕርይ ወርቅ ነው።

ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሌላ ዓይነት ሌዘር ይገባል። ተወርዋሪ ኮከብ የሚባሉት ከጠፈር የሚመጡ ብናኞች ሲቃጠሉ የሚተዉት የሶዲየም አተም በ80 እና በ105 ኪሎ ሜትር መካከል ስስ ንብርብር ሠርቶ ይኖራል። ወደ 589 ናኖሜትር የተስተካከለ ቢጫ ሌዘር ሲያርፍበት ሶዲየሙ ብርሃኑን ውጦ መልሶ ያበራል። አየሩ በሞቀ ቁጥር አተሞቹ በፍጥነት ስለሚንቀሳቀሱ የሚውጡት የቀለም ክልል ይሰፋል፤ ስፋቱን መለካት ሙቀቱን መለካት ነው። እዚህ የመነሻ ግምት አያስፈልግም። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቺያው-ያው ሺ የመሩት ቡድን ከ1990 ጀምሮ በፎርት ኮሊንስ ከተማ በዚህ ዘዴ ለሃያ ዓመት ያህል ለካ፤ መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ልዩ ማጣሪያ ተጨምሮለት በቀን ብርሃንም መሥራት ከቻሉት ጥቂት ሌዘሮች አንዱ ነው።

በሳተላይት በኩል በዚህ መስክ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው ሴበር የሚባለው መሣሪያ ነው። ናሳ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 2001 ከካሊፎርኒያ ባመጠቀው ታይምድ በተባለ ሳተላይት ላይ ተሳፍሮ፣ ከ2002 መግቢያ ጀምሮ ከ625 ኪሎ ሜትር ከፍታ ምድርን በየ97 ደቂቃው ግድም እየዞረ ሲለካ ቆይቷል። ወደ ታች ቀጥ ብሎ አያይም፤ በአድማሱ ጠርዝ ላይ ያለውን ስስ የአየር ቅጠል ከጎን ያያል፣ ዓይኑንም ከላይ ወደ ታች ከታች ወደ ላይ እያንቀሳቀሰ ንብርብር በንብርብር ይለካል። በቀን ከሺህ በላይ የሙቀት መግለጫዎች ይልካል፤ ውቅያኖስ፣ በረሃ፣ ዋልታ አይመርጥም። ደመናም አያግደውም።

የሚለካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ15 ማይክሮሜትር ሞገድ የሚያወጣውን ለዓይን የማይታይ የሙቀት ጨረር ነው። እስከ 70 ኪሎ ሜትር ግድም ነገሩ ቀላል ነው፤ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ደጋግመው ስለሚጋጩ የሚያወጡት ጨረር የአየሩን ሙቀት በቀጥታ ያንጸባርቃል። ከዚያ በላይ ግጭቱ ይላላል። አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ከጎረቤቱ ጋር ሳይጋጭ ከፀሐይ ወይም ከታች የመጣ ጨረር ውጦ ያንኑ ሊያወጣ ይችላል፤ የሚያወጣው ብርሃን የአካባቢውን ሙቀት መናገሩን ያቆማል። ስለዚህ ሙቀቱን ለማግኘት ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳለ፣ ምን ያህል ነጠላ የኦክስጅን አተም እንዳለ፣ ሁለቱ ሲጋጩ ጉልበት ምን ያህል እንደሚለዋወጡ የሚያሰላ ከባድ ሞዴል ያስፈልጋል። ከእነዚህ በአንዱ የገባ ስህተት በቀጥታ ሙቀቱ ላይ ያርፋል። የሴበር ስህተት ታች በሜሶስፌር መግቢያ 1 ወይም 2 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ በርካታ ዲግሪ የሚደርሰው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 የመጠቀው የኦራ ሳተላይት ኤም ኤል ኤስ የተባለ መሣሪያ ደግሞ ኦክስጅን የሚያወጣውን ማይክሮዌቭ ይለካል። እንዲህ ዓይነቱ ጨረር ከግጭት መላላት ጋር ያለው ችግር አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን በሜሶስፌር ውስጥ የሚያየው ንብርብር እጅግ ወፍራም ስለሆነ ስለታማ ለውጦች ይሟሟሉበታል።

ሁለቱን ወገኖች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ሲጀመር የመጀመሪያው እንቅፋት ቅርጽ ነው። የሌዘሩ ጨረር 80 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ስፋቱ በሜትሮች የሚቆጠር ነው። ሴበር በአንጻሩ ከ2,700 ኪሎ ሜትር ርቀት ሆኖ የሚያየው 2 ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው ንብርብር በእይታው መሥመር ላይ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ያ ሁሉ አየር በአንድ ቁጥር ይገለጻል። ሌዘሩ ቦታን ያጠባል፣ ጊዜን ግን ለሰዓታት ያማክላል፤ ሳተላይቱ ጊዜን ያጠባል፣ ቦታን ግን ያማክላል።

ይህ ባልከፋ ነበር፣ አየሩ ጸጥ ያለ ቢሆን። ከተራራ ሰንሰለትና ከነጎድጓድ የሚነሡ ሞገዶች ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይገዝፋሉ፤ 90 ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ሞገድ ብቻውን ሙቀቱን በ10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከፍና ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ፀሐይ በየዕለቱ የምትቀሰቅሰው ሌላ ትልቅ ሞገድም አለ፤ በእርሱ ምክንያት የምሽቱና የንጋቱ ሙቀት አይመሳሰልም። ሳተላይት ከጣቢያው 500 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከሌዘሩ ልኬት ሁለት ሰዓት ቀድሞ ካለፈ የሁለቱ ቁጥር መራራቅ የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ የአንድ ሌሊትን ልዩነት ይዞ መፍረድ ከንቱ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሌሊቶች ሲደመሩ ሞገዶቹ እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ ያኔ የሚተርፈው ወጥ ልዩነት ነው መመርመር ያለበት።

ሁለተኛው እንቅፋት ከፍታ ነው፤ ሰፊ ትኩረት የሚገባውም እርሱ ነው። ሌዘር ከፍታን የሚያውቀው በብርሃን ጊዜ ስለሆነ አይሳሳትም ማለት ይቻላል። የሳተላይቱ ነገር ሌላ ነው፤ ከ2,700 ኪሎ ሜትር ርቀት የዓይኑ አቅጣጫ በአንድ ስልሳኛ ዲግሪ ቢዛነፍ ቦታው ወደ 800 ሜትር ይዛወራል። ይህን ለማስተካከል ሳተላይቶች መጀመሪያ ግፊትን ያሰላሉ፣ ከግፊት ደግሞ ከፍታን ያወጣሉ፤ በዚህ መንገድ ላይ ስህተት ይጠራቀማል።

ይህን በግልጽ ያሳየው በኦት-ፕሮቫንስ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ነው። ከጥር 2002 እስከ መጋቢት 2018 ከተለኩ 2,433 ሌሊቶች የተገኘው የሌዘር ሙቀት ከሴበርና ከኤም ኤል ኤስ ጋር ተነጻጸረ። በክረምት በስትራቶስፌር ጣሪያ ላይ ሴበር ከሌዘሩ 6 ዲግሪ፣ ኤም ኤል ኤስ ደግሞ 17 ዲግሪ ያህል ቀዝቅዘው ተገኙ። 17 ዲግሪ በዚህ መስክ አስደንጋጭ ቁጥር ነው። ተመራማሪዎቹ ግን የሙቀት መለኪያውን ከመክሰስ በፊት ከፍታውን ጠረጠሩ፤ የሳተላይቶቹን መግለጫ ሌዘሩ ጣሪያውን ባገኘበት ከፍታ ላይ ሲያስተካክሉት ልዩነቱ በከፍተኛ ደረጃ ቀነሰ። ብዙው ችግር እንግዲህ ትክክለኛ ሙቀት ቦታውን ስቶ መጻፉ ነበር። ሌዘሩም ከነቀፋ አላመለጠም፤ ያው ቡድን በዚያው ዓመት ባወጣው ተጓዳኝ ሥራ የጣቢያው የቆየ መዝገብ ከላይ በኩል ከእውነቱ ሞቆ እንደነበር፣ ምክንያቱም የመነሻ ግምቱና የምልክቱ አያያዝ እንደሆነ አሳይቶ አርሞታል። መለኪያ ሁሉ የሚፈተሽበት ቦታ አለው።

ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ንጽጽር ወደ ሌላ ግኝት አምርቷል። ቀደም ሲል እንደተባለው የሴበር ስሌት ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጋጩ የሚለዋወጡትን ጉልበት ማወቅ ይፈልጋል። ቤተ ሙከራ ውስጥ የተለካው ቁጥር ከከባቢ አየር ልኬት ከሚወጣው ቁጥር በሦስትና በአራት እጥፍ ያነሰ ሲሆን ይህ ልዩነት ለዓመታት ሳይፈታ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች ጥያቄውን ገለበጡት። የፎርት ኮሊንስ የሶዲየም ሌዘር ሙቀቱን ከሴበር ሞዴል ነጻ በሆነ መንገድ ስለሚያውቅ፣ ሳተላይቱ በዚያ ሲያልፍ ያየውን ጨረርና የሌዘሩን ሙቀት አንድ ላይ አድርገው የግጭቱን ቁጥር ራሱን አሰሉ። መልሱ ከባቢ አየሩ የሚለውን ከፍ ያለ ቁጥር ደገፈ። ከቤተ ሙከራው ጋር ያለው አለመግባባት በዚህ አላበቃም፤ ሆኖም ሁለት መለኪያ ማነጻጸር ከማረጋገጫነት አልፎ የፊዚክስ መሣሪያ መሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የዋልታ በጋውን እጅግ ቀዝቃዛ ጣሪያ በተመለከተም የሴበር የቀደሙ ስሌቶች ከምድርና ከሮኬት ልኬቶች ጋር ስላልተስማሙ፣ በተለያዩ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ዓይነቶች መካከል የሚደረገው የጉልበት ልውውጥ ተጨምሮ ስሌቱ ታርሟል።

ለረጅም ጊዜ መዝገብ ሲባል ደግሞ ሁለቱ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናሉ። የፎርት ኮሊንስ ሌዘር ከፒናቱቦ ፍንዳታ በኋላ በነበሩት ዓመታት በሜሶስፌር ጣሪያ ላይ የሙቀት መጨመር መዝግቧል፤ ያን ጊዜ ሴበር ገና አልተሠራም። ሴበር በበኩሉ የፀሐይን የ11 ዓመት ዑደት በመላው ምድር ላይ አሳይቷል፤ ይህን አንድ ጣቢያ ብቻውን ሊያሳይ አይችልም። የታይምድ ምሕዋር ቀስ እያለ ስለሚዞር የቀኑን 24 ሰዓት ሙሉ ለማዳረስ ወደ 60 ቀን ይፈጅበታል፤ የሌዘር ጣቢያ ደግሞ ጥርት ያለ ሰማይ ይፈልጋል፣ አብዛኛው በሌሊት ብቻ ይሠራል።

እነዚህ ጣቢያዎች የተተከሉበት ቦታ ግን ሚዛኑን የጠበቀ አይደለም። ብዙዎቹ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ናቸው፤ በሰሜን ኖርዌይ አንዶያ ደሴት፣ በጀርመን ኩሉንግስቦርን፣ በካሊፎርኒያ ቴብል ማውንቴን፣ በሃዋይ ማውና ሎአ ታዋቂዎቹ ይገኛሉ። በአፍሪካ ምድር የደቡብ አፍሪካዋ ደርባን ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ የሌዘር ልኬት አካሂዳለች፤ በሕንድ ውቅያኖስም የፈረንሳይ ግዛት የሆነችው ሬዩኒዮን ደሴት አለች። ለኢትዮጵያ በኬክሮስ የሚቀርበው የታወቀ ጣቢያ በደቡብ ሕንድ የሚገኘው ጋዳንኪ ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ በሌዘር የሚለካው ይህ ጣቢያ ከመቀሌ ጋር በአንድ ኬክሮስ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13.5 ዲግሪ ግድም ላይ ይገኛል። በምድር ወገብ አቅራቢያ የፀሐይ ዕለታዊ ሞገድ ጠባይ ከሰሜኑ የተለየ ስለሆነ፣ በኦት-ፕሮቫንስ የተገኘውን የሳተላይት ማስተካከያ እንዳለ ወደዚህ ማምጣት አይቻልም። ማስተካከያው ከዚሁ አካባቢ በሚለካ ሌዘር መገኘት አለበት።

ታይምድ ሲመጥቅ የታቀደለት ዕድሜ 2 ዓመት ነበር፤ ሴበር ግን ከ20 ዓመት በላይ ለክቷል። ሳተላይት ሁሉ በመጨረሻ ይቆማል፤ የሚተካው በጊዜ ካልደረሰ የቀድሞውንና የኋለኛውን መዝገብ በአንድ መሥፈሪያ የሚያገናኘው ሳይቋረጥ የቆየ የምድር ሌዘር ብቻ ነው።